ዓይኔ እያየ የመኪናዬን ታምቡር ሸጡት

የድሮ ላንድክሩዘር ፒካፕ ያላችሁ ሰዎች፣ በተለይ የፊት ፍሬኑን ከታምቡር ወደ ዲስክ ላስቀይር ብላችሁ ብር የምታጠራቅሙ፣ ይህን ሳታነቡ ወደ መርካቶ እንዳትወርዱ። ለማታውቁት፣ ታምቡር ሸራው ከውስጥ እየተገፋ የሚይዘው ድስት መሰል ብረት ነው፤ ዲስክ ደግሞ ፓድ የሚባለው ከሁለት ጎን የሚጨብጠው ጠፍጣፋ ክብ ብረት። ንዴቱ አልበረደልኝም። ከበረደልኝ ደግሞ «ተይው፣ ለእግዜር ስጪው» የሚሉኝን ሰዎች መስማት ስለምጀምር ዛሬውኑ ልጻፈው።

የሱቁን ስም አልጠራም። ዓይነቱን ግን ታውቁታላችሁ። ሱማሌ ተራ አካባቢ፣ ከፊት ጠበብ ያለች ሱቅ፣ ከጀርባ ጋራዥ የሚባል ዘይት የጠጣ ግቢ። ግድግዳው ላይ «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም»። ገብታችሁ ሳትቀመጡ ሻይ ይታዘዛል። «እቺ መኪና ወርቅ ናት፣ እንዳትሸጫት» ይባላል። ቀጥሎ «ሙሉ ኪት አለን፣ የዱባይ ዕቃ ነው፣ ገና ከኮንቴይነር መውረዱ» ይመጣል። ደረሰኝ ከፈለጋችሁ 15 በመቶ ይጨመራል። ካልፈለጋችሁ ደግሞ «በእኛ መሀል ምን ደረሰኝ ያስፈልጋል»። ግማሹ ቅድሚያ ይከፈላል። የቀረውን ራሳችሁ ጨርሱት።

እዚያ ሰፈር ሐቀኛ ነጋዴ የለም እያልኩ አይደለም። ኩሽኔታና ባሌስትራ ስገዛበት የኖርኩት ሰው አለ። «ይሄ ለአንቺ መኪና አይሆንም፣ ብርሽን አታባክኚ» ብሎ ይመልሰኛል። የዲስክ ኪት እሱ ጋ ስላልነበረ ነው እነዚህ እጅ የወደቅኩት።

መኪናዬ የ1974 ሞዴል 45 ናት። የ40 ሲሪስ ቤተሰብ፣ ረጅሟ፣ ከኋላ ካሶኔ ያላት። 40 ሲሪስ ከ1960 እስከ 1984 ሲመረት የኖረ መኪና ነው። የኔዋን ዕድሜ ያላቸው አራቱም እግራቸው ታምቡር ነው። ከሱሉልታ ወተት እጭንባታለሁ፣ ራሴ እነዳታለሁ፣ ጎማዋንም ራሴ እፈታለሁ። የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት በ2016 ከተከለከለ ወዲህ አሮጌ መኪና ያለው ሁሉ ያለውን ማደስ ይዟል። ዕቃ ሻጮቹም ይህን አሳምረው ያውቃሉ።

ታምቡር የማይረባ ፍሬን ነው የሚለውን ወሬ እኔ አልቀበልም። የዚች መኪና የፊት ታምቡር በእያንዳንዱ ጎማ ሸራውን የሚገፋ 2 ሲሊንደር አለው። በደንብ ከተስተካከለ ቀጥ አድርጎ ያቆማል። ግን ራሱን አያስተካክልም። ሸራው በተበላ ቁጥር ከስሯ ገብቶ በካቻቪቴ ማጥበቅ ነው። ክረምት ላይ ጎርፍ ካቋረጣችሁ ደግሞ ውሃው ውስጡ ይቀራል፣ ሸራው እስኪደርቅ ድረስ ፍሬን የለም ማለት ይቻላል። ከሁሉ የሚብሰው ቁልቁለት ነው። ሙቀቱ መውጫ የለውም። ታምቡሩ ሲግል ይሰፋል፣ ከሸራው ይርቃል፣ ፔዳሉ እየወረደ እየወረደ ይሄዳል። ከጎሃ ጽዮን ዓባይ በረሃን ጭነት ይዞ የወረደ ሹፌር የማወራውን ያውቃል። እኔም ሙሉ ወተት ጭኜ ከሱሉልታ ወደ አዲሱ ገበያ ስወርድ በየጠዋቱ ትንሽ ትንሽ እቀምሰው ነበር።

ዲስክ ሜዳ ላይ ነው ያለው። ነፋስ ያገኘዋል። ውሃውን ይረጨዋል። ፓዱ ሲበላ ፒስተኑ ራሱ ይከተለዋል። ስለዚህ ማስቀየሬ ትክክል ነበር፣ አሁንም ትክክል ነው እላለሁ።

ኪቱ የተባለው ከ60 ሲሪስ ላንድክሩዘር የፊት እግር የወጣ ነው። በእያንዳንዱ ጎን ባለ 4 ፒስተን ካሊፐር (ፓዱን ዲስኩ ላይ የሚያጣብቀው)፣ ዲስክ ጥንድ፣ አዲስ ፓድ፣ ለዲስክ የሚሆን ፍሬን ማስተር (ፔዳሉ ሲረገጥ ዘይቱን ወደ ጎማዎቹ የሚገፋው)። ከነመግጠሚያው 95 ሺህ ብር። እቃውን አንድ በአንድ አየሁት። መለኪያ ይዤ ስለሄድኩ የዲስኮቹን ውፍረት ለካሁ። ከዝቅተኛው ልክ በላይ ነበሩ፣ ፊታቸውም ንጹሕ። ፎቶ አነሳሁ። ልጆቹ ተሳሳቁ። አንደኛው «ኢንጂነር ናት እንዴ?» አለ፣ ለእኔ ሳይሆን ለጓደኛው፣ እኔ እዚያው ቆሜ። ባለሱቁ ደግሞ «ባለቤትሽ ቢመጣ ይሻል ነበር፣ እናስረዳው ነበር» አለኝ። ባለቤቴ መንጃ ፈቃድ እንኳን የለውም።

ከዚያ የመጨረሻውን ነገር ተነጋገርን። «የሚወልቀውን ሁሉ ለእኔ ነው የምትመልሱት። ታምቡሩን፣ ሸራውን፣ ሲሊንደሩን፣ ከነጀርባው ላሜራ» አልኩ። ሰውየው እጁን አወናጨፈ። «እሺ እህቴ። ያንን ዝገት ማን ይፈልገዋል?»

ይቺን ዓረፍተ ነገር ያዙልኝ።

መኪናዋን የሰጡኝ ሊመሽ ሲል ነው። ኮፈኑን ከፍቼ አየሁ። ጥቁር አብረቅራቂ ማስተር ተቀምጧል። በጎማው ቀዳዳ አጮልቄ አየሁ፣ ዲስክ አለ፣ ካሊፐር አለ። ፔዳሉን ስረግጠው እንደ ስፖንጅ ይለሰልሳል። «ፓዱ እስኪላመድ ነው እናት፣ ትንሽ ሲነዳ ይጠነክራል።» ፓድ መላመዱስ ይላመዳል። ግን እሱ የሚለውጠው አያያዙን እንጂ የፔዳሉን ልስላሴ አይደለም። የሚለሰልስ ፔዳል ፍሬን ዘይቱ ውስጥ አየር አለ ማለት ነው። ይህንንም ነገርኳቸው። «ነገ ነይ፣ ድጋሚ እናየዋለን» አሉ። አሮጌ ዕቃዬስ? «መጋዘኑ ተቆልፏል፣ ቁልፉን ልጁ ይዞት ሄዷል። ነገ።»

ጠዋት ግማሽ ጭነት ብቻ ይዤ ቀስ ብዬ ወረድኩ። ፍሬን በነካሁ ቁጥር መኪናዋ ወደ ቀኝ ትስባለች። ሁለቴ ካልረገጥኩ አትይዝም። ትንሽ ቆይቶ የተቃጠለ ጎማ የሚመስል ሽታ መጣ። አዲሱ ገበያ ስደርስ ቆሜ የፊት ቸርኬውን በእጄ ጀርባ ነካሁት፣ አቃጠለኝ። ደግነቱ መንገዱ ጭር ያለ ነበር፣ ማንም ላይ አልወጣሁም። ወተቱን በሌላ መኪና ላክሁና ሰፈራችን ወዳሉት አዛውንት መካኒክ በማርሽ እየያዝኩ ወሰድኳት።

ሁለቱንም ጎማ አወለቁ። ብዙ አልተናገሩም። «ልጄ፣ ነይ እዪ» አሉ።

የግራው ካሊፐር የቀኝ ነው። ማለት ሁለቱም የቀኝ ናቸው። ካሊፐር ግራና ቀኝ የሚለየው በአየር ማስወጫው ቪት ነው፣ ቪቱ ከላይ መሆን አለበት። አየር ወደ ላይ ነው የሚሄደው። ቪቱ ከታች ከሆነ ዘይቱን ቀኑን ሙሉ ብታስወጡ አየሩ ከላይ ተኝቶ ይስቅባችኋል። ለዚህ ነው ፔዳሉ የሚለሰልሰው፣ ለዚህ ነው ግራው ሳይዝ ቀኙ እየያዘ መኪናዋን የሚስባት።

ዲስኮቹ ደግሞ እኔ የለካኋቸው አይደሉም። ፎቶውን አጉልተን አስተያየን። እነዚህ ተልጠው ተልጠው ያለቁ፣ ጠርዛቸው ላይ ከንፈር ያወጡ፣ አንዱ ላይ ከመሀል ወደ ዳር የሚሄድ ስንጥቅ ያለበት። በመለኪያ ስይዛቸው ከዝቅተኛው ልክ በታች ናቸው።

ሽማግሌው ከዚያ ማስተሩን በቤንዚን ጨርቅ አሹት። ጥቁሩ ቀለም ለቀቀ። ከስሩ የወጣው የራሴ ማስተር ነው። ስፕሬይ ነፍተውበት ነው! እኔ እጄ የሚያውቀውን ዕቃ!

ይህ ማስተር ታምቡር ላይ ቢቀር ምንም ባልሆነ። ዲስክ ላይ ግን አደጋ ነው። የታምቡር ማስተር መውጫው ላይ ትንሽ ቫልቭ አለው። ፔዳሉን ለቃችሁም መስመሩ ውስጥ ጥቂት ግፊት ያስቀራል፣ 0.7 ባር ገደማ። ታምቡር ላይ ሸራውን ወደ ቦታው የሚመልስ ጠንካራ ሞላ ስላለ ይቋቋመዋል። ዲስክ እንዲህ ያለ መላሽ ሞላ የለውም። ፓዱ ዲስኩን ሳይለቅ እያሸ ይሄዳል። የሸተተኝ እሱ ነው። ትንሽ ብቀጥል ሙቀቱ ወደ ፍሬን ዘይቱ ይሻገር ነበር። ዶት 3 የሚባለው ዘይት አዲስ ሆኖ ከ205 ዲግሪ ጀምሮ ይፈላል፣ እርጥበት ከጠጣ በኋላ 140ም ይበቃዋል። ዘይት ፈላ ማለት ፔዳል ወለል ነካ ማለት ነው። ቁልቁለት ላይ፣ ወተት ጭኜ።

ሽማግሌው «ታምቡሩን አምጪውና እኔ መልሼ ልግጠምልሽ፣ ቢያንስ ሥራ አትፈቺም» አሉኝ። ለዚህ ነው ወደ ሱቁ የሄድኩት። ጠብ ፈልጌ አልነበረም። ሐሳቤ ዕቃዬን ይዤ መመለስ፣ ስለ ብሩ ከዚያ በኋላ መነጋገር ነበር።

አሁን ያን ቅጽበት ልንገራችሁ፣ ከዓይኔ ስላልጠፋ።

ሱቁ በር ላይ ጋቢ የለበሱ ሰው ቆመዋል፣ ከደብረ ብርሃን የመጡ። ያ «ኢንጂነር ናት እንዴ» ያለው ልጅ ጀርባውን ሰጥቶኝ መሬት ላይ ቁጢጥ ብሏል። ፊቱ ካርቶን ተነጥፏል። ካርቶኑ ላይ ሁለት ታምቡር። በጨርቅ ተወልውለው፣ ዘይት ተቀብተው። የታምቡር መልኩ አንድ ነው፣ ስለዚህ መጀመሪያ ዓይኔ አልፎት ነበር። ከዚያ ልጁ አንዱን ወደ ብርሃን ሲያዞረው ጠርዙ ላይ ሶስቱን ነጥብ አየሁ። ያን ነጥብ ያስመታሁት እኔ ነኝ፣ ቶርኖ ቤት ሳስልጣቸው ከሌላ ሰው ዕቃ ጋር እንዳይቀየርብኝ ብዬ።

ሰውየው «ኦሪጅናል ነው?» አሉ።

ልጁ ምን ቢላቸው ጥሩ ነው? «የጃፓን ነው ጋሼ። ባለቤቷ እንደ ዓይኗ ብሌን ነበር የያዘችው። እንደዚህ ያለ ዛሬ ከየት ይገኛል?»

የኔን መንከባከብ ነው የሸጠው። ገባችሁ? በየክረምቱ ከስሯ ጭቃ ላይ ተኝቼ ያጠበቅኩትን፣ ያጸዳሁትን፣ ያስላጥኩትን፣ እሱን ነው ዋጋ የጠራበት።

«የኔ ነው እሱ» አልኩ። ድምፄ ከጠበቅኩት በላይ ቀጠነ። ልጁ ዞሮ አየኝ። አልደነገጠም። ቢደነግጥ ይሻለኝ ነበር። «አንቺ ደግሞ መጣሽ?» አለና ወደ ሰውየው ተመለሰ፣ «28 የመጨረሻ ነው ጋሼ።»

ባለሱቁ ውስጥ በርጩማ ላይ ነው፣ ስልኩን እያየ። ስለ ካሊፐሩ፣ ስለ ዲስኩ፣ ስለ ማስተሩ አንድ በአንድ ነገርኩት። ፎቶውን አሳየሁት። ቀና አላለም። ስለ ታምቡሩ ስናገር ብቻ ነው ቀና ያለው። «ዲስክ ገጥመንልሻል አይደል? ታምቡር ምን ያደርግልሻል? ሁለት ፍሬን ትገጥሚያለሽ?» ውስጥ ያሉት ሁሉ ሳቁ። «አሮጌው በልዋጭ ነው የተያዘው። ይሄ ያለ ነው፣ ጠይቂ።»

ልዋጭ! መቼ ተባለ? ማን ጋር ተባለ? ዋጋው ላይ የት ተቀነሰ? «ማን ይፈልገዋል ያንን ዝገት» ያልከው አንተ አይደለህም ወይ ስለው ወደ ልጆቹ ዞሮ «ይቺን ሴትዮ አስወጡልኝ፣ ሥራ አታስፈታን» አለ። ሻይ ሲያዝልኝ «እህቴ» ነበርኩ።

ጋቢ የለበሱት ሰው ግራ ገብቷቸው አንዴ እኔን አንዴ ታምቡሩን ያያሉ። ክፉ ሰው አይደሉም። «እናቴ፣ እኔ እኮ ብሬን ቆጥሬ ሰጥቻለሁ» አሉኝ ቀስ ብለው። ልጁ ተሸካሚ ጠራ። ታምቡሮቼ በማዳበሪያ ከረጢት ገቡ። አስቁሙልኝ ብዬ ጮህኩ። የዙሪያው ሱቅ ሰው ሁሉ ወጥቶ አየኝ፣ አይቶም ተመለሰ። ከረጢቱ ወደ አውቶቡስ ተራ አቅጣጫ በሰው ትከሻ ላይ ሄደ።

እስቲ ሒሳቡን አስሉት። ከኔ 95 ሺህ ወሰዱ። የለካሁትን ጥሩ ዲስክ መልሰው መደርደሪያ ላይ ሰቀሉት፣ ለሚቀጥለው ደንበኛ ይታያል። ማስተር አልገዙም፣ የአንድ ጣሳ ስፕሬይ ነው ያወጡት። በላዩ ላይ 28 ሺህ ከታምቡሩ። የ40 ሲሪስ ዕቃ ስንት እንደሚፈለግ ከእኛ ይልቅ እነሱ ያውቃሉ፤ መኪናው ውጭ አገር ሰብሳቢዎች የሚሻሙበት ሆኗል፣ እዚህም የክፍለ ሀገር ሰው ዛሬም ይሠራበታል። እኔ እንደሚመስለኝ ከመጀመሪያውም ዓይናቸው ታምቡሩ ላይ ነበር። ዲስኩ መጥሪያ ነው።

ማመልከቻ አስገብቻለሁ። በአዋጅ 813/2006 ጉድለት ያለበት ዕቃ የገዛ ሰው በ15 ቀን ውስጥ ቀይሩልኝ ወይም ብሬን መልሱልኝ ማለት ይችላል። ግድግዳ ላይ የተለጠፈ ወረቀት ይህን አያስቀርም። በእጄ ያለው የባንክ ማስተላለፊያና ፎቶዎቹ ናቸው። ባለሱቁ እንደሆነ «ሂጂ ክሰሺ» ብሎኛል፣ ከነፈገግታው።

ለምታስቀይሩ፦ የሚወልቀውን ዕቃ በወለቀበት ሰዓት መኪናችሁ ላይ ጫኑት፣ ነገ አትበሉ። ኪቱን አንድ ሱቅ ገዝታችሁ ሌላ ሰው ይግጠመው። ሲገጠም እዚያው ቁሙ። የአየር ማስወጫው ቪት በሁለቱም በኩል ከላይ መሆኑን እዩ፣ ማስተሩን በቤንዚን ጨርቅ አሹት። 15 በመቶውን ክፈሉና ደረሰኝ ያዙ። ይኸው ነው።

መኪናዋ ሽማግሌው ግቢ ድንጋይ ላይ ቆማለች። ወተቱን በኪራይ አይሱዙ እያስጫንኩ ነው፣ ትርፉን ሹፌሩ ይበላዋል። ለ1974 ሞዴል 45 የሚሆን የፊት ታምቡር ጥንድ፣ ከነሸራውና ከነሲሊንደሩ ያላችሁ ንገሩኝ፣ ደህና ዋጋ እከፍላለሁ። ደብረ ብርሃን አካባቢ ደግሞ ጠርዙ ላይ ሶስት ነጥብ የተመታበት ታምቡር የገዙ አባት ካወቃችሁ፣ እሳቸውን አልከስም፣ በገዙበት 28 ሺህ ላይ የመንገዳቸውን ጨምሬ እወስደዋለሁ።